ኅዳርን ያለ ጭስ፦ የወይዘሮ ለተገብርኤል ሃድጉ ዜና ሕይወት

በሕይወትም በሞትም ጌታ ለሆነው ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና፣ የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ ከገላንም ከጎሮም ከአቃቂም ማልዳችሁ በዚህ በቅዱስ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የተሰበሰባችሁ የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን፣ ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ የወይዘሮ ለተገብርኤል ሃድጉን ዜና ሕይወት በአጭሩ እናሰማችሁ ዘንድ ፍቀዱልን። በአጭሩ ማለታችን ለወጉ ነው እንጂ እሳቸው አጭር ወሬ እንደማይወዱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእንዲህ ያለው ቀን የሚያነበው ከቤተሰቡ ሸምገል ያለ ወንድ መሆኑ የተለመደ ቢሆንም፣ እናታችን ከማረፋቸው አስቀድሞ "ሉሊ ታንብበው፣ አሉላ ይቸኩላል" ብለው ስለ ተናዘዙ፣ ቃላቸውን ጠብቃ የምታነብላችሁ ሁለተኛ ልጃቸው ሉሊ አባዲ ናት፤ በጽሑፉ ውስጥ ሉሊ ስትባል የምትሰሟት ልጅም ይህችው አንባቢ መሆኗን ከወዲሁ ልብ በሉልን።

ወይዘሮ ለተገብርኤል ከአባታቸው ከአቶ ሃድጉ ገብረዋህድና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተጽዮን ንጉሤ በ1948 ዓ.ም. ዓዲግራት አጠገብ በምትገኝ አንዲት መንደር ተወለዱ። አባታቸው የድንጋይ ግንበኛ ነበሩና ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ቤት ከተከራዩ በኋላ ቤተሰባቸውን አስመጡ፤ ያን ጊዜ ለተገብርኤል የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ አማርኛም አያውቁም ነበር። ከመጡ ብዙም ሳይቆይ ኅዳር 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ በማለዳ ከቤት ብቅ ሲሉ ሰማዩ በጭስ ተሸፍኖ፣ በየመንደሩ ማዕዘን ላይ እሳት እየነደደ ስላገኙት ከተማው የተቃጠለ መስሏቸው እሪ እያሉ ወደ ውስጥ ሮጡ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የገባው ወረርሽኝ ቤት ለቤት ሰው ጨርሶ ቀባሪ እንዳሳጣ፣ ከዚያ ወዲህ በሽታው እንዳይመለስ በየዓመቱ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ እንደሚቃጠል፣ ሰፈሩም በጭሱ እንደሚታጠን፣ "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለውም ይኸው እንደሆነ ጎረቤቶች በእጅም በቃልም አስረዷቸው፤ አንዲት ሴትም እጃቸውን ይዘው አንድ እፍኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል አስጨብጠው ወደ እሳቱ አስጣሏቸው። ያን ዕለት የማን ልጅ እንደሆኑም ሆነ በምን ቋንቋ እንደሚናገሩ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ጭስ ጭስ እየሸተቱ ወደ ቤት ሲመለሱ የሰፈሩ ልጅ ሆነው ነበር። ይህንን ውለታ በልባቸው ስለ ያዙት፣ አድገውም የኅዳርን እሳት ከሁሉ ቀድመው የሚለኩሱት እሳቸው ሆኑ።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከታትለው ሲጨርሱ፣ በ1967 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቴሌፎኒስትነት ተቀጥረው፣ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በዚያው በአንድ ወንበር አገለገሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ ላይ መስመር የሚገናኘው ገመድ በእጅ እየተሰካ ነበርና፣ ደዋዩን "ይጠብቁኝ" ካሉ የሚፈለገው ሰው እስኪገኝ ድረስ በየመሃሉ እየተመለሱ "አሉ? አልረሳሁዎትም" ሳይሉ አያልፉም ነበር። ይህ ልማድ እቤት ድረስ ተከትሏቸው መጥቶ፣ ልጆቻቸው ተቆጥተው ሲያኮርፉ እንኳ ከማድ ቤት ሆነው "አላችሁ? አልረሳኋችሁም" ይሉ ስለነበር፣ ኩርፊያ በቤታችን ዕድሜ አግኝቶ አያውቅም።

በ1970 ዓ.ም. ከአቶ አባዲ ንርአዮ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን መሠረቱ። አቶ አባዲ ዑራኤል አካባቢ በሚገኝ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፤ ለሥራ ጉዳይ ነው እያሉ በየቀኑ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሲደውሉ፣ ቴሌፎኒስቷም ነገሩ ገብቷቸው ሳለ ምንም እንዳልገባቸው ሆነው ዛሬ ከግዢ ክፍል፣ ነገ ከንብረት ክፍል፣ ከነገ ወዲያ ከጋራዥ ጋር እያገናኙ ሲያንከራትቷቸው ከርመው፣ በመጨረሻ "ለመሆኑ ማንን ነው የሚፈልጉት?" ብለው በጠየቋቸው ጊዜ አቶ አባዲ ስልኩን ዘግተው በእግራቸው መጡ። ትዳራቸውም በ1972 ዓ.ም. በአሉላ፣ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ በሉሊ ተባረከ።

ሉሊ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቷ የሚያፏጭ፣ ሮጣ የማትጠግብ፣ ተኝታ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ ሆነች። እናቷ ያላደረጉላት ነገር አልነበረም፤ ጠበል ወስደዋታል፣ ጤና አዳም አሽትተዋታል፣ ማር በሎሚ አጠጥተዋታል። ከሁሉም በላይ ግን የሚተማመኑት በኅዳሩ እሳት ነበር፤ በሽታ በጭስ ይወጣል ብለው ሰፈሩ በነገራቸው መሠረት፣ ኅዳር ከመግባቱ በፊት ከመሥሪያ ቤታቸው ካርቶን፣ ከጎረቤት አሮጌ ጫማና ላስቲክ፣ ከባለቤታቸው ሱቅ ደግሞ ያለቀ ጎማ ሳይቀር ያጠራቅሙና፣ በዕለቱ ልጃቸውን በነጠላ አቅፈው ፊቷን ወደ ጭሱ አዙረው "ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ" እያሉ ያጥኗት ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ታማ ስትተኛ "እንኳን አጠንኳት፣ ባላጥናት ኖሮ ይህም ይብስ ነበር" እያሉ ይጽናኑ ስለነበር፣ በየዓመቱ ጎማው በአንድ ይጨምር ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት የሉሊ ከንፈር ጠቁሮ ዓይኗ ሲገለበጥ፣ አቶ አባዲና ወይዘሮ ለተገብርኤል በውይይት ታክሲ ሐኪም ቤት አደረሷት። ያገኟት ሐኪም ዶክተር ከውሰር የምትባል ገና ሥራ የጀመረች ወጣት ነበረች፤ ልጅቷን ካረጋጋች በኋላ ጠዋት የት እንደነበረች ስትጠይቅ፣ እናቷ በኩራት "እኔው ራሴ አጥኛታለሁ" ብለው መለሱ። ዶክተሯ አልተቆጣችም። ማዳመጫውን ከራሷ ጆሮ አውጥታ በእናትየው ጆሮ ላይ አደረገችና የልጃቸውን ደረት አስደመጠቻቸው፤ ከዚያም "እናቷ፣ በሽታዋ አስም ነው። ለእሷ ብለው የሚያነዱት እሳት ነው እየገደላት ያለው" አለቻቸው። ወይዘሮ ለተገብርኤል ስለዚያች ሰዓት ሲናገሩ "መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ" ይሉ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ክብሪት ለቆሻሻ አልጫሩም፣ ይህች ልጅ እንደ ልቧ የምትተነፍስበትን ቀን ከማየትም የበለጠ ነገር ከአምላካቸው አልለመኑም።

የሰፈሩን እሳት ለማስቀረት የወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃ ግን፣ ይቅር ይበሏትና፣ ልጃቸው እስከ ዛሬ የምትስቅበት ነው። ሰው አስተምሮ ማሳመን ጊዜ ይወስዳል ብለው አቋራጭ መረጡና፣ በ1983 ዓ.ም. በዋዜማው ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ከምሮ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እሳቸው ከቦኖ ውሃ በጀሪካን እያመላለሱ ክምሩን አራሱት፤ አሉላም ጀሪካን ሲሸከም አምሽቷል። በማግሥቱ የሰፈሩ ወጣቶች ክምሩ አልቀጣጠል ቢላቸው ላምባ አርከፍክፈው ለኮሱት፤ እርጥቡ ቆሻሻ ነበልባል እምቢ ብሎ ጭስ ብቻ ሆነና፣ ቢጫ ጭስ ከጠዋቱ ጀምሮ እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን ድረስ በመንደሩ ላይ ተኛ። እዚያው አጠገብ የእድሩ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበርና ለቀስተኛው ለሟቹ የሚያለቅሰውን ትቶ እያሳለ ወጣ። ውሃውን ማን እንዳፈሰሰው ሲጣራ ወይዘሮ ለተገብርኤል እጃቸውን አውጥተው "እኔ ነኝ" ስላሉ፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ልጆች "እሳት አደጋ" የሚል ስም አወጡላቸው፤ እዚህ ከቆማችሁት መካከልም በዚህ ስም ስትጠሯቸው ያደጋችሁ ብዙ ናችሁ። ሉሊ በዚያ ዓመት መስኮቱና በሩ በጨርቅ ተወትፎ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደችም።

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ መሸሽ ጀመረ። ኅዳር 11 ቀን እናትና ልጅ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ አንድ ዘመድ ቤት ይሄዱና ኅዳር 13 ይመለሳሉ፤ ለሉሊ ይህ ሽሽት የዓመቱ ትልቁ ሽርሽር ነበርና ሐይቁን እያየች ሙዝ ትበላለች። በ1988 ዓ.ም. ግን ከደብረ ዘይት ሲመለሱ የግድግዳ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስቻለች፣ ዛሬ እዚህ ከፊታችን የቆሙት፣ ገና ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ልጃቸውን ማሙሽን አቅፈው ሐኪም ቤት ሲሮጡ ተገናኟቸው፤ ሕፃኑን ያፈነው ያው የኅዳሩ ጭስ ነበር። ወይዘሮ ለተገብርኤል ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ አብረው ሄዱ፤ ሕፃኑ ከተረፈ በኋላም ለባለቤታቸው "እኔ የራሴን ይዤ ስሸሽ የአስቻለችን ልጅ ማን ይዞላት ይሽሽ? ከእንግዲህ አልሸሽም፣ ቢወዱም ቢጠሉም ይሰሙኛል" አሉ።

በመጀመሪያው የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው እውነቱን ተናገሩ። ጎማ ያመጡት እሳቸው መሆናቸውን፣ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ወደ ጭሱ መያዛቸውን፣ ሐኪሟም ያለቻቸውን ሳይሸሽጉ ገልጸው፣ ኅዳር 12 ሰፈሩ ይጠረግ፣ ቆሻሻው ግን በመኪና ይውጣ እንጂ አይቃጠል ብለው ለመኑ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ "ዘንድሮ ደግሞ ውሃው በምን ይሆን የሚመጣው?" ብሎ ተረባቸው፣ አንዲት ሴትም "የእኛን ወግ አስቀርተሽ በሽታው ቢመለስ ማን ሊጠየቅ ነው?" አሏቸው። ይህችኛዋ ቃል ከሁሉ የከፋችባቸው፣ ያ እሳት የሰፈር ልጅ ያደረጋቸው እሳት ስለነበረ ነው፤ እሳቱን ሲነኩ ከሰፈሩ እየወጡ መሰላቸውና እቤት ገብተው አለቀሱ።

ከሁሉም በላይ ጸንተው የተቃወሟቸው የእድሩ ዳኛ አቶ ምንዳዬ ኢተፋ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ክፉ ሰው ስለሆኑ አልነበረም። የአቶ ምንዳዬ እናት በ1911ዱ የኅዳር በሽታ ከነወንድሞቻቸው ተይዘው፣ ወንድሞቻቸው ሁሉ አልቀው እሳቸው ብቻቸውን የተረፉ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውንም "በዕድሜህ ሙሉ የኅዳርን ጭስ እንዳታስታጉል" ብለው አምለዋቸው ሞተዋል። አቶ ምንዳዬም በስብሰባው ላይ "ለተ፣ አንቺን እወድሻለሁ፣ እናቴን ግን መቃብር ውስጥ ልክዳት አልችልም" ብለው ነገሩን ዘጉት። ወይዘሮ ለተገብርኤል ይህንን ሲሰሙ ተመልሰው ተቀመጡ፤ የእናት ቃል ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም ያውቁት ነበርና።

በ1989 ዓ.ም. ኅዳር ሲደርስ ወይዘሮ ለተገብርኤል እሳቱ እንዳይበዛ ለመለማመጥ እሳቸው ሰፈር ቀርተው፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ሉሊ ከአባቷ ጋር ደብረ ዘይት አድራ በ13ኛው ቀን ማለዳ ለትምህርት ተመለሰች። እሳቱ ጠፍቷል፤ ጭሱ ግን በዚያ የኅዳር ብርድ ወደ ላይ መውጣት ተስኖት በየጣሪያው ስር ተኝቶ ነበር። አቶ ምንዳዬ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ ጋዜጣ የምታነብላቸው ሉሊ ነበረች፤ ለዚህም ከኮታቸው ኪስ ከረሜላ ታገኛለች። ያን ዕለት የስፖርቱን ገጽ እንድታነብ ሰጧት፤ የሚደግፉት ቡድን ማሸነፍ አለማሸነፉን ለማወቅ ቸኩለዋል። ሉሊ አንድ ቃል ታነባለች፣ ትተነፍሳለች፤ ሁለተኛውን ታነባለች፣ ደረቷ ያፏጫል፤ ሦስተኛው ላይ ትቆማለች። "እህ፣ አገባ ወይስ ሳተ?" እያሉ ሲያጣድፏት ቆዩና፣ ድንገት ጨዋታውን ረሱት። ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው ብዙ ከሰሙ በኋላ "በቃሽ ልጄ፣ ዕረፊ" ብለው ጋዜጣውን ከእጇ ተቀበሉ፤ ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው እጇን ጨብጠው እቤቷ ድረስ አደረሷት።

በራችን ላይ ቆመው ለእናታችን የነገሯቸውን ሉሊ በጆሮዋ ሰምታለች። እናታቸው የገዛ ወንድሞቻቸው በሞቱበት ሰሞን እንዴት ይተነፍሱ እንደነበር፣ አቶ ምንዳዬ ልጅ ሳሉ በአፋቸው እያስመሰሉ ያሰሟቸው እንደነበረ፣ ያንንም ድምፅ ዕድሜ ልካቸውን እንዳልረሱት ነገሯቸው። "ለተ፣ ዛሬ ከልጅሽ ደረት የሰማሁት ያንኑ ነው። እናቴ ይሄ እንዳይመለስ ብላ ነበር ያማለችኝ፤ እኔው ነኝ ለካ በየዓመቱ የምመልሰው" ብለው፣ የተከበሩት የእድር ዳኛ በሰው ደጃፍ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወይዘሮ ለተገብርኤልም "ይግቡ ጋሼ፣ ብርድ ነው" ብለው ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው እንጂ፣ "ብያችሁ አልነበረም?" የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

በዓመቱ፣ በ1990 ዓ.ም.፣ አቶ ምንዳዬ በሞራ ዓይናቸው በአሉላ ትከሻ እየተመሩ ቤት ለቤት ዞረው ሰውን ሁሉ ለመኑ፤ የእናታቸውን መሐላ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ሲለምኑት እምቢ የሚልበት አንደበት አልነበረውም። ኅዳር 12 ጎሕ ሲቀድ ሰፈሩ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ቦዩ ተጠረገ፣ ፌስታሉና ጎማው ለቆሻሻ መኪና ተሰጠ፣ ቅጠሉና የአትክልቱ ትርፍራፊ ጉድጓድ ገብቶ ብስባሽ እንዲሆን ተደረገ። ወይዘሮ ለተገብርኤል ቀኑ ባዶ እንዳይሆን ሰግተው አስቀድመው ካህን ለምነው ስለነበር፣ በዚያ በኅዳር በሽታ ቀባሪ ላጡት ሁሉ ጸሎት ተደረገ፤ አቶ ምንዳዬም በእናታቸውና በእናታቸው ወንድሞች ስም አንዲት ጧፍ አበሩ፣ በሰፈራችን በዚያ ቀን የነደደው እሳትም ያች ጧፍ ብቻ ነበረች። ንፍሮ ተቀቅሎ ተበላ፣ ሉሊም በኅዳር ሚካኤል ዕለት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ ላይ ገመድ ዘለለች። እናቷ ቆመው እያዩዋት "ቁጠሪልኝ እንጂ፣ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ!" ይሏት ነበር።

ከተማው ሁሉ ተለወጠ ብንል ግን እሳቸውም ከሣጥናቸው ውስጥ ይታዘቡናል። የጎረቤት ሰፈሮች ጭስ አጥራችንን አልፎ ሲመጣ ኖሯል፤ አዲስ አበባ እስከ ዛሬም በኅዳር ታጨሳለች፣ በበጋውም በየግቢው ቅጠልና ፌስታል ሲቃጠል ማየት ብርቅ አይደለም። እሳቸው ግን በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አንድ አዲስ እድር እየሄዱ፣ ያንኑ የጎማውንና የልጃቸውን ታሪክ ያለ እፍረት እየደገሙ፣ አንዳንዱን አሳምነው ከአንዳንዱ ተባረው ይመለሱ ነበር። ተባርረው ሲመጡ አቶ አባዲ "ዛሬስ ከየትኛው ክፍል ጋር አገናኙሽ?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አቶ አባዲ በ1998 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ሐዘናቸውን ችለው፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አበቁ፤ ሉሊም በሚነፋ መድኃኒትና በንጹሕ አየር ተደግፋ ተምራ መምህርት ሆነች፣ ቀኑን ሙሉ ስትናገር የምትውልበትን ሥራ መምረጧንም እናቷ "ለብቀላ ነው" ይሉ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ ለልማት ሲነሣና ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ወይዘሮ ለተገብርኤል ወሎ ሰፈር ልጃቸው አሉላ ዘንድ ገቡ። ከቤቱ መፍረስ ይልቅ ያሳሰባቸው "ሰዎቼ በየሄዱበት ኅዳር ሲደርስ ሊያጨሱ ነው" የሚለው ነገር ነበር፤ ስለዚህ ጡረታ የወጡበትን ሥራ እንደገና ጀምረው፣ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው የአንዱን ስልክ ከሌላው እየጠየቁ፣ የተበተነውን ሰፈር በስልክ ሰበሰቡት። ጽዳቱን አስታውሰው ብቻ አይዘጉም፤ የማን ልጅ ፈተና አለፈ፣ የማን ጉልበት ተሻለው ሳይሉ፣ በመጨረሻም "አላችሁ አይደል? አልረሳኋችሁም" ሳይሉ አይሰናበቱም ነበር።

ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ሐኪም ቤት ተኙ። ሐኪሞቹ ብዙ ዘመን የቆየ የጭስ ጉዳት መሆኑን ሲነግሯቸው "የራሴ ጎማ ነው፣ በሰው አላሳብብም" ብለው ሳቁ። ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተደርጎ፣ ዓይናቸውን በመስኮቱ በኩል ወደ ሰማዩ ተክለው ሲጨነቁ ሳለ ስልካቸው ጠራ። ማሙሽ ነበር፤ ያ ታፍኖ የተረፈው ሕፃን ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ገላን ይኖራል። "እማማ ለተ፣ አላጨስንም! ማለቴ ጥበቃው ሊለኩስ ነበር፣ ክብሪቱን ተቀብለን መጥረጊያ ሰጠነው፣ በቃ ግቢው ጸድቷል" አላቸው። እሱ ሳይዘጋ ሌላው ደወለ፣ ከጎሮ፤ ከዚያም ከአቃቂ፣ ከየካ። ወይዘሮ አስቻለች የልጅ ልጆቻቸውን ድምፅ አሰሟቸው። ሉሊ ስልኩን በጆሯቸው ላይ ይዛላቸው፣ እሳቸው በደከመ ድምፅ ለእያንዳንዱ "ተባረኩ፣ ሰማሁ" ሲሉ ረፋዱ ሆነ። ድምፃችሁ እሳቸው በዚህ ዓለም ላይ የሰሙት የመጨረሻው የምሥራች ነበረ፤ ሁላችሁም የደወላችሁ፣ ቤተሰቡ ይህንን ውለታ የሚከፍልበት ቋንቋ የለውም። በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ፣ በሰባ ዓመታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል ሆነው በሰላም አረፉ።

ወይዘሮ ለተገብርኤል ሃድጉ የሁለት ልጆች እናት፣ የሊዲያና የሁለት ወንድሞቿ አያት ነበሩ። ልጃቸውን አሉላን፣ ልጃቸውን ሉሊን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ግድግዳ የተጋሯቸውን ወይዘሮ አስቻለችን፣ እንዲሁም በየደረሰበት ሰፈር መጥረጊያ ይዞ ክብሪቱን የተወውን ጎረቤት ሁሉ ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ላስታመማችሁ፣ በእንባ ለሸኛችሁ፣ ከሩቅ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን፤ እኛን ሁላችንን መጽናናት አድሎ፣ የእናታችንን ነፍስ ሕመምና ሐዘን በሌለበት፣ ትንፋሽ በማያጥርበት፣ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።

አንባቢዋ ከመቀመጧ በፊት ለእናቷ አንድ ነገር ትናገራለች። ወንድሟ አሉላ የዚህን ጽሑፍ ቅጂ ይዞ ከኋላዋ የቆመው፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ካቆመችበት ተቀብሎ ሊቀጥል ነበር፤ አላስፈለገም። እማዬ፣ እስከ መጨረሻው ራሴ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥሽ።